ተጫን፣ ልቀቅ

ሁለቱ ወንድማማቾች በሳምንት የሚነጋገሩት ሁለት ቃል ነው። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታናሽየው «ተጫን» ይላል፤ ታላቅየው ይጫናል። ከዚያ ታናሽየው «ልቀቅ» ይላል፤ ታላቅየው ይለቃል። በቃ፣ አለቀ። የቀረውን ጊዜ በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ በአንድ በር እየወጡና እየገቡ፣ አንዱ ለሌላው ግድግዳ ነው። ግድግዳስ ቢሆን ሰው ይደገፈዋል።

ታላቅየው ሠፈሩ ሁሉ ኦፕሬተሩ የሚለው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጫውት ኖሮ፣ ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ከግቢው ኋላ ያለችውን አንዲት ክፍል ይዞ ተቀመጠ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ታናሽየው ባለቶርኖው ነው፤ ብረት ቆርጦና ሞርዶ የመኪናና የወፍጮ መለዋወጫ ይሠራል። ገና ተለማማጅ ሳለ ለወንድሙ ማሽን አንዲት የነሐስ ቀለበት ሠርቶለት ነበር፤ ጠርዟ ላይ ዙሪያውን ፀጉር የምታህል መስመር ቀርጾ «ይቺ ፊርማዬ ናት፣ ጋሼ» ብሎ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ከእጁ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ያቺ መስመር አለችው። ጋሼ ማለቱን ግን ከተወ ቆየ። አሁን «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው።

ዋናውን ቤት የያዘው ባለቶርኖው ከሚስቱ ጋር ነው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ስድስት ቀን በሰው ራስ ላይ ቆማ ትውልና እሁድ ከሰዓት ቁጭ ብላ አንድ ፊልም ማየት ትፈልጋለች። ከዚህች ዓለም የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ ነው፣ እሱንም በሰላም አላገኘችውም።

ጠባቸው ከእናታቸው ሞት ይጀምራል። ሕመም የጠናባቸው ዕለት ባለቶርኖው ሲኒማ ቤቱ ድረስ ሰው ልኮ «ቶሎ ድረስ» አስብሎት ነበር። ሲኒማ ቤቱ እስከ መጨረሻው በአሮጌ ማሽን ነው የሠራው። ፊልሙ ጥቅል በጥቅል ነው፤ አንዱ ጥቅል ሊያልቅ ሲል ኦፕሬተሩ ሁለተኛውን ማሽን አስነሥቶ ካላገናኘው አዳራሹ ይጨልማል፣ ሰው ያፏጫል። ኦፕሬተሩ ለተላከው ሰው «ይቺን ጥቅል ላገናኝና መጣሁ» አለው። አገናኘና ሮጠ። ሲደርስ ፊታቸው ተሸፍኗል። ባለቶርኖው በሩ ላይ ቆሞ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» አለው። ኦፕሬተሩም «አንተስ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ሐኪም ያልጠራኸው ምን ስታይ ነው?» አለ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ አራት ዓመት ሆናቸው።

ሳሎን ያለው ሆም ቲያትር የእናትየው ነበር። አልጋ ላይ በዋሉበት ወራት፣ ልጆቻቸው ገና ሰው በነበሩ ጊዜ፣ ተጋግዘው የገዙላቸው ነው፤ አምስት ስፒከር፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ማጉያ፣ መሃል ላይ ጥቁር የዲስክ ማጫወቻ። ሪሞቱ በለቅሶው ግርግር ጠፍቶ ቀረ። ከቀብሩ ሦስት ወር በኋላ፣ ኦፕሬተሩ ሳሎን መርገጡን ጭራሽ በተወ ሰሞን፣ ማጫወቻው ተበላሸ። ትሪው፣ ያ ዲስክ የሚቀመጥበት መሳቢያ፣ አልወጣም አለ። ባለቶርኖው በሚስቱ በኩል «ኦፕሬተር ነኝ የሚለው ሰውዬ ይምጣና ይየው» ብሎ ላከ።

ኦፕሬተሩ መጣ። እሱ ማሽን ፈትቶ ማየት የሰነፍ ሥራ ነው ባይ ነው፤ የሚመረምረው በጆሮው ነው። ጆሮውን ክዳኑ ላይ ለጠፈ፣ ቁልፉን ሁለቴ ሦስቴ ነካካ፣ ክዳኑን እዚህም እዚያም ተጫነ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፍርዱን ሰጠ። «ትሪውን የሚጎትተው ጎማ ላልቷል። ከላይ፣ በግራ ጥጉ በኩል፣ በሁለት እጅ ጠበቅ አድርገው ሲጫኑት ይይዛል። አንድ ሰው ይጫን፣ አንድ ሰው ቁልፉን ነክቶ ትሪውን ይሳብ።» እውነትም ሲጫነው ወጣ። አንዴ ከፈረደ በኋላ ክዳኑን መፍታት ጆሮዬ ዋሸኝ ማለት ስለሚሆንበት፣ አራት ዓመት ሙሉ አልፈታውም።

ተጫኝ እሱ ብቻ ሆነ። ሌላም ሰው ተሞክሮ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ስትጫን ክንዷ አቅም አነሰው። ባሏ ሲጫንና እሷ ቁልፉን ስትነካ ደግሞ ትሪው ወይ ፍንክች። ባለቶርኖው ላቡ ጠብ እስኪል ተጫነ፣ ምንም የለም። ኦፕሬተሩ በሩ ላይ ቆሞ ይህንን ሲያይ ሆዱ ቅቤ ጠጣ። «የቶርኖ እጅ ከብረት በቀር ሌላ አያውቅም» አላት፣ ባሏ እየሰማ። ከዚያ ገብቶ ተጫነ። ትሪው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጫማውን ወልውሎ፣ ሸሚዝ ለውጦ፣ ለጠብ እንደሚሄድ ሰው ፊቱን ቋጥሮ ሳሎን ይገባል። ይጫናል፣ ይለቃል። ፊልሙ ሲያልቅም ዲስኩን ለማውጣት ያው መጫን ስላለ፣ እስከዚያው በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ስድስት ቀን የሚጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው ብላችሁ ብትነግሩት ይሰድባችኋል። ነው እንጂ።

ነገሩ የተነሣው ፀጉር ሠሪዋ አንድ እሁድ ትዕግሥቷ ሲያልቅ ነው።

«እኔ በቃኝ» አለች፣ ዲስኩ ወጥቶ ኦፕሬተሩ ሊሄድ ሲል። «ገበያው ጥግ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አሮጌ ማጫወቻ ተቀብሎ አዲስ ይሰጣል። ብሉሬይ ነው፣ ምስሉ ጥርት ያለ፣ በአንድ ጣት የሚከፈት። እንቀይረው። አንዲት ዲስክ ለማስገባት ሁለት ወንድ የሚታገልበት ቤት የእኔ ብቻ ነው።»

ኦፕሬተሩ «አይሆንም፣ አሮጌው ይበቃል» ሊል አፉን ከፈተ። ባለቶርኖው ቀደመው።

«አሮጌው ምን ሆነ?» አለ ባለቶርኖው። «ይበቃል።»

የእነዚህ ሰዎች ጉድ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ዝም ይላል። ለኦፕሬተሩ ግን ከዚያ አፍ ከወጣ ነገር ጋር መስማማት ከሞት አይለይም። ምላሱ እሱን ሳያስፈቅድ ዞረ።

«ይቀየር» አለ። «ይሄ ዕቃ ከሞተ ቆይቷል። ይበቃል የሚል ሰው የዕቃ ነገር የማያውቅ ነው።»

«አንቺ» አለ ባለቶርኖው ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው። በማያገባው አይግባ።»

«ግማሹ የእኔ ነው፣ ያገባኛል በይው።»

«ግማሹን ከፈለገ በመጋዝ ሰንጥቄ እሰጠዋለሁ በይው።»

ፀጉር ሠሪዋ ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ኦፕሬተሩ የሠራውን ያወቀው ክፍሉ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ነው። ከሳሎኑ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ በገዛ እጁ ነበር የቆረጠው። ወደ ኋላ ማለት ደግሞ አይታሰብም። በማግስቱ ሱቁ ሄደ፤ ለሰው የተናገረው አዲሱን ሊያይ ነው፣ ልቡ ግን እንከን ፍለጋ ነበር የሄደው።

ባለሱቁ አዲሱን ማጫወቻ ከካርቶኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። እንደ መጽሐፍ የቀጠነ ነው። በትንሽ ጣቱ ነካ ሲያደርገው ትሪው ኮሽ ሳይል ወጣ። ደግሞ ነካው፣ ገባ።

«የሚጫኑት በየት በኩል ነው?» አለ ኦፕሬተሩ።

«ምኑን አባቴ?»

«ክዳኑን። ከላይ።»

«ለምን ይጫኑታል? ሶፋዎ ላይ ሆነው በሪሞት ነው እንጂ።»

«የተጫረ ዲስክስ?»

«ምንም ቢጫር ያነበዋል።»

«ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?»

ባለሱቁ ሳቀ። «ሲበላሽ ይጣላላ። የድሮ ዕቃ መሰለዎት እንዴ፣ ሰው አቅፎ የሚያስታምመው?»

ኦፕሬተሩ በራሱ ጣት ነካው። ወጣ። ይህ ዕቃ ማንንም አይፈልግም። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከያዘው ዘመን ሆኖታል። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የፊልሙን ድምፅ በግድግዳ በኩል ሲሰማ ታየው፤ ና የሚለው ሰው የለም፣ ለመግባት ሰበብ የለውም። አመስግኖ ወጣ፣ መንገዱን ሁሉ ባለሱቁን ሲሰድብ ሄደ።

ግቢው ሲደርስ ፀጉር ሠሪዋን ልብስ ስታሰጣ አገኛት። «እንዴት አገኙት ጋሼ?» አለችው። ባለቶርኖው መስኮቱ ጋ ቆሞ እየሰማ ነበር። ባይኖር ኖሮ ምናልባት እውነቱን ይነግራት ነበር።

«ድንቅ ዕቃ ነው» አለ፣ ድምፁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ። «ዛሬውኑ ቢመጣ ደስ ይለኛል።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ እዚህ ቤት አይገባም በይው» አለ መስኮቱ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከረሙ። ኦፕሬተሩ የአዲሱን ማጫወቻ ወረቀት ከሱቁ አምጥቶ በሳሎኑ በር ሥር አሾለከ። በማግስቱ ወረቀቱ ግራሶ ተጠርጎበት የክፍሉ በር ላይ ተሰክቶ አገኘው። ባለቶርኖው ብሉሬይ ዐይን ያጠፋል ብሎ ለጎረቤት አወራ፤ ኦፕሬተሩ ወንድሜ ዐይን ኖሮት ያውቃል እንዴ ብሎ ለዚያው ጎረቤት መለሰ። መሃል ያለው እሁድ ሲመጣ እንደ ወትሮው ተጫነ፣ ለቀቀ፤ እጁ ግን ስንት እሁድ እንደቀረው እያሰበ ነበር።

በሁለተኛው እሁድ ፀጉር ሠሪዋ ሁለቱንም ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ዛሬ ይለይለታል» አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ የማሽን ሰው ነዎት። ፍቱትና ይዩት። የሚጠገን ከሆነ ይጠገን፣ ዝም እላለሁ። የማይጠገን ከሆነ ነገ ጠዋት ተሸክሜው ሱቁ እሄዳለሁ፤ ያኔ ደግሞ እናንተ ዝም ትላላችሁ።»

ባለቶርኖው ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱ ልክ አልነበረም። «አይፈታም» አለ። «ማንም ካቻቢቴ አያሳርፍበትም።»

ኦፕሬተሩ ይህን የሰማው እንደ ስድብ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከማሽን ጋር የኖረ ሰው ይህችን የሳሎን ዕቃ እንዳይነካ ሲከለከል! ካቻቢቴውን ከኮቱ ኪስ አወጣና ወደ ማጫወቻው ሄደ። ባለቶርኖው ቀድሞ መዳፉን ክዳኑ ላይ ጫነ።

«እጅህን አንሣ» አለ ኦፕሬተሩ። በአራት ዓመት ውስጥ በሰው በኩል ሳይልክ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር።

«አላነሣም። አንተ የነካኸው ነገር መጨረሻው አያምርም።»

«አንተ የተቀመጥክበትስ?»

«እኔማ ተቀምጬ ነበር» አለ ባለቶርኖው። «አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እናቴ በር በሩን እያየች ነው የሞተችው። ‹መጣ?› ትለኛለች። ‹እየመጣ ነው› እላታለሁ። ‹መጣ?› ትለኛለች። አንተ ጥቅል ታገናኛለህ።»

ይህን ኦፕሬተሩ ሰምቶ አያውቅም። ንዴቱ ግን ቀደመውና የወንድሙን እጅ በክርኑ መትቶ ከክዳኑ ላይ አስነሣው። ባለቶርኖው ኮሌታውን ያዘው።

«ተቀመጥ» አለች ፀጉር ሠሪዋ ባሏን። ድምፅዋን አላነሣችም። «ካልተቀመጥክ ዛሬ ከዚህ ቤት የምወጣው እኔ ነኝ።»

ባለቶርኖው ኮሌታውን ለቀቀ። ተቀመጠ፤ ክርኖቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ማየት ጀመረ።

ኦፕሬተሩ አራቱን ብሎን ፈታ፤ አንዱ ወድቆበት ምንጣፉ ላይ ፈለገው። ክዳኑን አነሣ። መጀመሪያ ያየው ጎማውን ነው። ጎማው ጠንካራ ነበር፣ ትናንት እንደተገጠመ። የማርሹም ጥርሶች አልተበሉም። ጆሮው አራት ዓመት ዋሽቶታል። ከዚያ በግራ ጥጉ በኩል አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አየና ጎንበስ አለ።

የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነሐስ ነች። ከሥሯ ሞላ አላት፣ ሲጫኑት የሚወርድ ሲለቁት የሚነሣ ጥምዝምዝ ሽቦ። ከጎኗ የወጣች ትንሽ ምላስ ትሪውን ቀርቅራ ይዛዋለች። ክዳኑ ልክ በእሷ አናት ላይ ሲጫን ትወርዳለች፣ ትሪው ያልፋል። አንድ ጣት ፈቀቅ ብሎ የሚጫን ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ቢጫን ላቡ ነው የሚያተርፈው። ይህ ብልሽት አይደለም። ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሞርዶ የተሠራ ሥራ ነው። ጠርዟ ላይ፣ ዙሪያውን፣ ፀጉር የምታህል መስመር አለች።

ኦፕሬተሩ ቀና ብሎ ወንድሙን አየ። ባለቶርኖው ከወለሉ ላይ ዐይኑን አላነሣም፤ ጆሮዎቹ ግን ቀልተው ነበር። ያን ጊዜ ወንድሙ ላቡ ጠብ እስኪል ሲጫን፣ እሱ ሆዱ ቅቤ ጠጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ የነበረው ለኦፕሬተሩ ትዝ አለው። ‹የቶርኖ እጅ ከብረት በቀር ሌላ አያውቅም› ያለው ትዝ አለውና አፈረ። እናታቸው በር በሩን እያዩ ሞቱ። ይሄኛው በር በሩን ማየት ሲሰለቸው፣ ሰውየው ካልመጣ የማይከፈት ዕቃ ሠርቶ ተቀመጠ። ይቅርታ ከማለት ይህን መሥራት ቀሎታል።

አንድ ቃል ቢናገር አሸንፏል። ሚስትየው አራት ዓመት እሁዷን ማን እንደቀማት ብታውቅ ባሏ በዚያ ቤት ውስጥ መግቢያ የለውም። እውነት እላችኋለሁ፣ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረ ድል ነው።

«ምን አገኙ ጋሼ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ጎማው ነው» አለ። «ላልቷል። እንዳልኩት።»

«ይጠገናል?»

«አይጠገንም።»

«እንግዲያው ነገ እወስደዋለሁ።»

ኦፕሬተሩ ካቻቢቴውን በጣቶቹ መሃል አገላበጠ።

«አትውሰጂው» አለ። «አሮጌው ይበቃል። እሱ ልክ ነው።»

«ማነው ልክ?»

«ባልሽ።»

ባለቶርኖው ከወለሉ ላይ ቀና አለ። ፀጉር ሠሪዋ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ ማጫወቻው ስታሰግግ ኦፕሬተሩ ክዳኑን ቀድሞ ከደነው።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ይቀየር ብሎ ጨጓራዬን የላጠው ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ። ተሳስቼ ነበር።»

«እናታችሁን ነፍሳቸውን ይማር» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ሞተው ተገላገሉ። እኔ ነኝ የቀረሁት።» የዲስኩን መያዣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና ጀርባዋን ሰጥታቸው ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «በሉ ታገሉ።»

ኦፕሬተሩ አራቱን ብሎን መልሶ አጠበቀ። ባለቶርኖው መጥቶ አጠገቡ ተንበረከከ፤ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፣ አንዱ ወደ ሌላው አያይም።

«ተጫን» አለ ባለቶርኖው።

ተጫነ። ቁልፉ ተነካ፤ ትሪው አልወጣም። ባለቶርኖው ደግሞ ነካው፣ አልወጣም። ወደ ወንድሙ እጅ ተመለከተ። ኦፕሬተሩ መዳፎቹን አውቆ አንድ ጣት ወደ ቀኝ ፈቀቅ አድርጎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫን ነበር፤ ወንድሙ በዚያን ጊዜ እንዳደረገው። የግንባሩ ላብ ጠብ ሊል ደርሷል። ይጫናል፣ ይጠብቃል።

ባለቶርኖው ገባው። ፀጉር ሠሪዋ ምን ሆናችሁ ብላ ዞረች።

«ወደ ግራ» አለ ባለቶርኖው በመጨረሻ። ድምፁ ያው የጠብ ድምፅ ነው። «ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በል፣ ጋሼ።»

ኦፕሬተሩ ጠጋ አለ። ትሪው ወጣ። ባለቶርኖው ዲስኩን አስቀመጠ፣ ትሪውን ገፍቶ መለሰ፣ ከዚያም እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «ልቀቅ» አላለም። ፊልሙ ጀመረ፤ ኦፕሬተሩም እጁን ከክዳኑ ላይ አላነሣም።